ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ፍርድ ሲጻፍ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሰጠመ ንጹሕ ነው፣ ግን ይሞታል፤ የተንሳፈፈ ጥፋተኛ ነው።» ይህ ተከሳሽን በውኃ ወይም በጋለ ብረት እየፈተኑ የእግዚአብሔርን ፍርድ ስለሚጠብቁበት ልማድ የሚነገር ቀልድ ነው። ቀልዱ ያምራል፣ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ተከሳሹ ወደ ውኃው የሚወርደው በገመድ ታስሮ ነበር፤ ከሰጠመ ንጹሕ ተብሎ ይጎተታል። በጋለ ብረትም ቢሆን የተቃጠለ ሁሉ አይፈረድበትም። ቄስ የባረከውን ብረት 9 ጫማ ያህል ተሸክሞ ይሄዳል፤ እጁ ተጠቅልሎ በ3ኛው ቀን ይፈታል። የሚመረመረው ቁስል መኖሩ ሳይሆን መመርቀዙ ነው። መርቅዟል ወይስ ሽሯል የሚለው እንደ ተመልካቹ ዓይን ስለሚለያይ፣ ለምሕረት የሚያስችል ክፍተት ነበረው። በእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም 2ኛ ዘመን የንጉሡን አጋዘን ገድለዋል የተባሉ 50 ሰዎች ሁሉም ነጻ ወጡ፤ ንጉሡም በጣም ተቆጣ።

«ፈተናው የቀረው ሕዝቡ ስለሠለጠነ ነው» ማለትም ያሳስታል። በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ ካህናት ብረቱንና ውኃውን እንዳይባርኩ ከለከለ። ቡራኬ ከሌለ ፈተናው ትርጉም የለውም።

ትልቁ ስህተት ማሰቃየትን የዚያ አሮጌ ልማድ ቅሪት አድርጎ ማየት ነው። ማሰቃየት ከእንግሊዝ ውጭ ባለው የአውሮፓ አህጉር ፍርድ ቤቶች የሰፋው ፈተናውን በተካው ጥብቅ የማስረጃ ሕግ ምክንያት ነው። በሞት ለመቅጣት ሁለት የዓይን ምስክሮች ወይም ተከሳሹ ጥፋቱን ያመነበት ቃል ያስፈልጋል። ደም የነካው ሰይፍ ይዞ ከቤቱ ሲወጣ የታየ ሰው እንኳ በዚህ ብቻ አይገደልም። ዳኛው ሁለተኛ ምስክር ሲያጣ ፊቱን በማሰቃየት ወደሚገኝ የእምነት ቃል አዞረ። ቃሉ ከማሰቃያው ክፍል ውጭ ዳግመኛ መረጋገጥ ነበረበት፤ ከካደ ግን ወደ ማሰቃያው ሊመልሱት ይችሉ ነበር፤ ጥንቃቄው ዋጋ ያጣው እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዝ በሌላ መንገድ ሄደች፤ ጁሪ በሚባሉ፣ ጥፋተኝነትን በሚወስኑ 12 ጎረቤቶች። እነዚህን እንደ ዛሬ ጁሪ ምስክር የሚሰሙ እንግዶች አድርጎ መሳል ስህተት ነው፤ የተጠሩት ነገሩን ያውቃሉ ተብለው ነው። በ1166 ሕግ መሠረት ተጠርጣሪውን በመሐላ የሚያጋልጡትም የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፤ ከእኛ አፈርሳታ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። ተከሳሹ በጁሪ መዳኘትን እምቢ ካለ ግን አይፈረድበትም፤ ከ1275 ጀምሮ በከባድ እስር ይያዛል፤ በኋላም ደረቱ ላይ ድንጋይ ይጫንበታል። ብዙዎች ዝም ብለው የሞቱት ካልተፈረደባቸው ንብረታቸው ስለማይወረስ ነው።

ከተከሳሹ ጎን ቆመው አብረው የሚምሉትን ከምስክር አትቀላቅሉ። እነሱ የሚምሉት የሰውየው መሐላ የታመነ መሆኑን እንጂ ድርጊቱን አይደለም። ይህ ሥርዓት ከእንግሊዝ ሕግ የተሰረዘው በ1833 ነው፤ በድብድብ መፋረድ ደግሞ በ1819።