ሽጉጥ ሱቅ ውስጥ ጀማሪዎች የምንሠራቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያ ሽጉጤን ልገዛ ስገባ ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ከኋላዬ የመጣውን ባለቤቴን «ምን ላሳይህ?» አለው። ኢላማ ተኩስ የምማረው እኔ ነኝ፤ እሱ ሽጉጥ ነክቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጀማሪ ወዳጆቼን ይዤ ብዙ ሱቅ ገብቻለሁ። ሻጭ ፊት ሲነሳን የምንሠራቸው ስህተቶች ይመሳሰላሉ።

አንዱ አዋቂ መምሰል ነው። ሻጩ በሙያ ቃላት ሲያጣድፈን ዝም ብለን ራሳችንን እንነቀንቃለን። «ጀማሪ ነኝ፤ ለኢላማ ልምምድ 9 ሚሊሜትር ወይም 22 ካሊበር (የጥይት ውፍረት መለኪያ ነው) ማየት እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ይህን ሰምቶ የሚያሾፍ ሻጭ ገንዘባችሁ አይገባውም።

«ለሴት የሚሆነው ይሄ ነው» ሲባል መቀበል ሌላው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ እህቶቼ የተጎዱበት ነውና። ሻጩ ትንሿን 38 ካሊበር ሪቮልቨር፣ ጥይቷ በሚሽከረከር ከበሮ የሚገባውን ሽጉጥ፣ ያወጣል። 400 ግራም ገደማ ናት፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፣ ስትያዝ ደስ ትላለች። ጉዱ የሚታየው ሲተኮስ ነው። ጥይቱ ሲወጣ ሽጉጡን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከባድ ሽጉጥ ግፊቱን ራሱ ይውጠዋል፤ ቀላሉ ግን ለመዳፍ ያስተላልፈዋል። አምስት ጥይት ተኩሳችሁ እጃችሁ ይደነዝዛል። ቃታዋም ሲሳብ ጠጣር፣ መንገዱም ረጅም ስለሆነ እጅ እየተንቀጠቀጠ ኢላማ ይስታል። ከዚያ ገና ቃታው ሳይሳብ ዓይን መጨፈን ይለመዳል፤ ይህን ልማድ ማስለቀቅ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ባዶውን 600 ግራም የሚመዝነው እንደ ግሎክ 19 ያለ ባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ለጀማሪ ይሻላል።

«እሱን ማቀባበል አትችይም» ይሉን ይሆናል። ጉልበት ሳይሆን አያያዝ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅኑ፣ ሽጉጡን ወደ ደረት አስጠጉ፣ የላይኛውን ብረት በሙሉ መዳፍ ጨብጡ፤ ከዚያ እጀታውን ወደ ፊት ግፉት።

ሳይተኩሱ መግዛትም አለ። ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። ሁለት ሦስቱን ሞክራችሁ ሱቅ ብትገቡ ሻጩ የሚመርጥላችሁ ነገር አይኖርም።

በደህንነት ጉዳይ ይሉኝታ ግን ከሁሉም ይከፋል። ሻጩ ሽጉጡን ከመስጠቱ በፊት የጥይት ካዝናውን አውጥቶ፣ ብረቱን ወደ ኋላ ስቦ፣ ባዶነቱን ሊያሳያችሁ ይገባል። እናንተም ደግማችሁ እዩ። ቃታውን ከመሳባችሁ በፊት አስፈቅዱ። «ባዶ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ካለ፣ ወይም አፈሙዙን ወደ ሰው ካዞረ፣ ከዚያ ሱቅ ውጡ።

ፎርም ላይም እንጣደፋለን። ገዢ የሚሞላውን የፌደራል መንግሥቱን ፎርም 4473 ሻጩ ሰዓቱን እያየ እንኳ ቢሆን አንድ በአንድ አንብቡት። ገዢው በእርግጥ እናንተ መሆናችሁን ይጠይቃል። «አንቺ ግሪን ካርድ አለሽ፣ ብሩን ልስጥሽና በስምሽ ግዢልኝ» የሚል ወዳጅ ካለ እምቢ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ይህ እስከ 15 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ሜሪላንድ የምትኖሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሽጉጥ መግዣ ፈቃድ በቅድሚያ ማውጣት ግድ ነው። መስፈርቱን ከግዛቱ ፖሊስ ጠይቁ እንጂ በሻጭ ወሬ አትመኩ።

የመጨረሻው ከሃፍረት ለማምለጥ መግዛት ነው። «ይህን ያህል ካስቸገርኩት» እያልን ካርዳችንን እናወጣለን። «አመሰግናለሁ፣ ላስብበት» ብሎ መውጣት ነውር የለውም። እኔም ያን ቀን ባዶ እጄን ወጣሁ። የገዛሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጭር ካለ ሌላ ሱቅ ነው። ሻጯ ምንም ከማውጣቷ በፊት «እስካሁን ምን ምን ተኩሰሻል?» ብላ ጠየቀችኝ።