ውሃ በሚተኛበት ጓሮ ቶሶኝ ማልማት

ደሴ ጓሮ ያለው ሰው የክረምቱን ነገር ያውቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋልካው ይላቁጣል፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ አጥር ስር ይተኛል። «እዚህ ግቢ ቶሶኝ አይሆንም» የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ይሆናል። ቶሶኝ ዝናብ አይጠላም፤ የሚጠላው ሥሩ ላይ የቆመ ውሃ ነው። ደጋው ላይ የሚበቅለው አፈሩ በሳሳ፣ ድንጋይ በበዛበት ተዳፋት ነው፤ ያዘነበው ሳይቆይ ይወርዳል። እናንተም ጓሯችሁ ውስጥ ያንን ተዳፋት ሥሩለት።

መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ዙሪያውን በድንጋይ ካቡት፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይበል፣ ከሥሩ ቦይ ይውጣለት። ታቹን ጠጠር አልብሱት፤ ከላይ አፈርና አሸዋ እኩል ቀላቅሉ። ፍግ አታብዙ፤ ፍግ የበዛበት ቶሶኝ ይለመልማል፣ ሽታው ግን ይደክማል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። ሰርዶ ካለ ከመትከላችሁ በፊት ከነሥሩ ልቀሙት። አንዴ ቶሶኙ ውስጥ ከተሳበ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ችግኝ ፍለጋ ተራራ ወጥታችሁ ከነሥሩ እንዳትነቅሉ አደራ። ገበያ ላይ ከነሥሩ ታስሮ ሳየው ያመኛል፤ የተነቀለበት ቦታ ለከርሞ ባዶ ነው። መንቀልም አያስፈልግም። መሬት ላይ የተኛው ሐረጉ አፈር በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል፤ ከዘመድ ጓሮ ሥር ያወጣውን ቆርጦ መውሰድ ይበቃል። ሥር ያላወጣ ከሆነ፣ አበባ የሌለውን ቀንበጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል ግፈፉና እርጥብ አሸዋ ላይ ጥላ ሥር ሰክታችሁ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ።

በበልግም መትከል ይቻላል፤ እኔ ግን መስከረምን እመርጣለሁ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ዶፉ አልፏል፣ የኅዳር ውርጭ ሳይመጣ ሥሩ ይይዛል። በችግኝና በችግኝ መሀል 25 ሳንቲ ሜትር ተዉ። መጀመሪያ ላይ ቢጠወልግ አብሽሩ፣ ሥር እየያዘ ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከታችሁ ደረቅ ሲሆን ብቻ አጠጡ።

ዋናው ፈተና የሚቀጥለው ክረምት ነው። መሀሉ ከጠቆረ ውሃ ይዞታል ማለት ነው። የጠቆረውን በመቀስ አውጡ፣ ቀሪውን ሐረግ ቀና አድርጋችሁ ከሥሩ ጠጠር በትኑ፤ ጭቃ ላይ ካልተኛ ያገግማል።

ለቀማው አበባው ሲወጣ ነው። ከላይ ከላይ ቅጠል ያለውን ብቻ ቁረጡ፤ እንጨት ወደሆነው ክፍል ከወረዳችሁ ዳግም ላያቆጠቁጥ ይችላል። የተወሰነውን ለንቦች ተዉላቸው። በሰፌድ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። ለሻይ የሚሆነውን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የሚገባውን ለብቻ አስቀምጡ።