ልጅዎ «ሬስሊንግ ልግባ» ሲል፦ ከሚዛኑ እስከ ሜዳሊያው

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል በገባ በሁለተኛው ወር «ሬስሊንግ ልገባ ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደውዬ «ልጁ ትግል ገባ» ብላት ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ «የቱ በረሃ?» አለችኝ።

አልፈርድባትም። በእኛ ጆሮ ትግል ሲባል ወይ ጫካ ነው፣ ወይ በቴሌቪዥን ወንበር እያነሱ የሚፈነካከቱት ጡንቸኞች ናቸው። የአሜሪካ ሃይስኩል ሬስሊንግ ሁለቱንም አይደለም። ይበልጥ የሚቀርበው እረኛ ልጆች መስክ ላይ ለሚገጥሙት ትግል ነው። ያዝ፣ ጣል፣ ጀርባውን መሬት አስነካ። ልዩነቱ እዚህ ሚዛን አለ፣ ሐኪም አለ፣ ወረቀት አለ። ወረቀቱማ አይጣል ነው።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተሳሳትኩ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ወቅቱንና ወረቀቱን ይወቁ

የክረምት ስፖርት ነው። በአብዛኛው ስቴት ልምምድ የሚጀመረው ኖቬምበር ላይ ሲሆን የስቴት ሻምፒዮና ደግሞ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም ማርች ላይ ይሆናል። ልጁ ልምምድ ከመግባቱ በፊት ሐኪም የፈረመበት የጤና ምርመራ ፎርም ያስፈልጋል። ኦክቶበር ላይ ያስጨርሱት። ኖቬምበር ላይ ቀጠሮ መለመን አድካሚ ነው።

የሚገዙት ብዙ አይደለም። የሬስሊንግ ጫማና የጆሮ መከላከያ በቂ ነው። ጥርሱ ላይ ብሬስ ካለ የአፍ መከላከያ ይጨምሩ። የውድድር ልብሱን፣ ሲንግሌት የሚሉትን፣ ትምህርት ቤቱ ይሰጣል። የጆሮ መከላከያውን «ያሳክከኛል» ብሎ እንዳይተወው። በተደጋጋሚ የተመታ ጆሮ ውስጡ ደም ይቋጥርና እንደ አበባ ጎመን ተጨማዶ ይቀራል።

ልጅዎ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከሆነ መግቢያው ክለብ ነው። ክለቦቹ ብዙ ጊዜ የዩኤስኤ ሬስሊንግ፣ ማለትም የስፖርቱ ብሔራዊ ማኅበር፣ አባልነት ካርድ ያወጡለታል። በትንንሾቹ ውድድር ደግሞ የክብደት ክፍሉ እንደ ትልልቆቹ የተቆረጠ ላይሆን ይችላል። ልጆቹ ይመዘኑና በዕድሜና በኪሎ የሚቀራረቡ አራት አራት ሆነው ይመደባሉ፤ ከዚያ ሁሉም ከሁሉም ይጋጠማል። በዚያ ዕድሜ ስለ ኪሎ ማሰብ በጭራሽ አያስፈልግም። የስምንት ዓመት ልጅ ክብደት እንዲቀንስ የሚጠይቅ አሰልጣኝ ካጋጠመዎት ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

2. የክብደት ክፍሎቹን ይረዱ

የሃይስኩል ስፖርት ደንብ የሚያወጣው ኤንኤፍኤችኤስ የሚባለው ብሔራዊ ፌዴሬሽን ነው። ከ2023-24 ወቅት ጀምሮ ስቴቶች 12፣ 13 ወይም 14 ክፍል ያለውን ዝርዝር እንዲመርጡ ፈቅዷል። ባለ 14ቱ የወንዶች ዝርዝር በፓውንድ እንዲህ ነው፦ 106፣ 113፣ 120፣ 126፣ 132፣ 138፣ 144፣ 150፣ 157፣ 165፣ 175፣ 190፣ 215፣ 285። የሴቶቹ ባለ 14 ዝርዝር ከ100 ይጀምርና 235 ላይ ያበቃል። የእርስዎ ስቴት የቱን እንደሚጠቀም አሰልጣኙን ይጠይቁ፤ ቁጥሮቹ በጥቂት ፓውንድ ይለያያሉ።

ቁጥሩ ጣሪያ ነው። 132 ማለት እስከ 132 ፓውንድ፣ በእኛ ወደ 60 ኪሎ ማለት ነው። 132.1 ከሆነ ያለው ቀጣዩ ክፍል 138 ነው። ታጋዩ በተመዘነበት ክፍል ወይም ከዚያ በአንድ ክፍል ከፍ ብሎ መጋጠም ይችላል። ወደ ታች ግን አይቻልም።

ለእኛ ልጆች መልካም ዜና አለ። የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኝ ዞር ብሎ የማያየው ቀጭን ልጅ እዚህ ይፈለጋል። አሰልጣኞች ለ106 የሚሆን ልጅ ፍለጋ ካፍቴሪያ ለካፍቴሪያ ይዞራሉ። ለምን እንደሆነ ተራ ቁጥር 6 ላይ እነግራችኋለሁ።

3. የወቅቱን መነሻ ምርመራ በጥንቃቄ ያስፈጽሙ

ይህ የጽሑፌ ዋና ነገር ነው። ቀስ ብለው ያንብቡት።

በ1997 ኖቬምበርና ዲሴምበር ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ክብደት ሲቀንሱ ሞቱ። ላስቲክ ልብስ ለብሰው፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ ውኃ ከሰውነታቸው ለማውጣት እየሠሩ ነበር። ደንቡ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ሃይስኩል የመጣው ደግሞ ከ2006-07 ጀምሮ ነው። አሁን እያንዳንዱ ታጋይ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ይመረመርና «ከዚህ በታች አትወርድም» የሚል ወለል ይቀመጥለታል።

ምርመራው ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ሽንት ነው። ልጁ በቂ ውኃ እንዳለው ይለካል። የሽንቱ ጥግግት፣ ከውኃ ጋር ሲነጻጸር፣ ከ1.025 ካለፈ ልጁ ደርቋል ማለት ነውና ሌላ ቀን ተመለስ ይባላል። ሁለተኛው የሰውነት ስብ ነው። ለወንድ ዝቅተኛው 7 በመቶ፣ ለሴት 12 በመቶ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ልጁ 140 ፓውንድ ይመዝናል፤ ስቡ 14 በመቶ ነው እንበል። ከስብ ውጭ ያለው ክብደቱ 120.4 ነው። ይህንን ለ0.93 ስናካፍለው 129.5 ገደማ ይመጣል። ወለሉ ይኼ ነው። ስለዚህ 126 ላይ መጋጠም አይፈቀድለትም፤ ሊወርድ የሚችለው ቢበዛ እስከ 132 ክፍል ነው። ፍጥነቱም ገደብ አለው፤ በሳምንት ከሰውነቱ ክብደት ከ1.5 በመቶ በላይ መቀነስ አይቻልም። ለዚህ ልጅ በሳምንት ሁለት ፓውንድ ገደማ ነው። ከ140 ወደ 132 ለመድረስ አራት ሳምንት ይፈጅበታል።

የምርመራው ዕለት ልጁ ውኃ ጠጥቶ፣ ምሳውን በልቶ ይሂድ። አንዳንድ ልጆች ወለሉ ዝቅ እንዲልላቸው ከዋዜማው ጀምሮ ይደርቃሉ። የእኔውም ሞክሮት ነበር። ሽንቱ ወደቀ፣ ሳምንት ጠፋ፣ ቤት ውስጥም ኩርፊያ ሆነ።

4. ክፍሉን ለልጁ ይምረጡ እንጂ ልጁን ለክፍሉ አይቁረጡ

«ይቻላል» እና «ይገባል» ይለያያሉ። 132 ይፈቀድለታል ማለት 132 ይውረድ ማለት አይደለም። የ14 ዓመት ልጅ እያደገ ነው። ደንቡ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ ብዙ ስቴቶች በወቅቱ አጋማሽ ላይ ሁለት ፓውንድ የዕድገት ጭማሪ ይሰጣሉ። እኔ የምለው፣ የመጀመሪያ ዓመት ታጋይ በለመደው ኪሎው ይጋጠም። ይሸነፍ። ምንም አይደል። ተርቦ ከሚያሸንፍ ጠግቦ ቢሸነፍ ይሻላል፤ ለነገሩ የተራበውም ብዙ ጊዜ አያሸንፍም።

ላስቲክ ልብስ፣ ሳውና፣ የሚያሸና ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ክልክል ነው። ልጅዎ ጋቢ ተጠቅልሎ ሻወር ቤት ውስጥ ሙቅ ውኃ ከፍቶ ካገኙት ምን እየሠራ እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

አሁን ደግሞ የእኛ ቤት ጉዳይ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ልክ በወቅቱ መሐል! ዐቢይ ጾም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከስቴት ሻምፒዮናው ጋር ይገጥማል። ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት እዚያው አካባቢ ነው፤ በ2026 ሁለቱም የሚገቡት በፌብሩዋሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። አሰልጣኙ ይህንን አያውቅም። ማን ይነግረዋል? እርስዎ። ወቅቱ ሲጀመር በአጭር ኢሜይል ቀኖቹን ይጻፉለት፤ ልጁ ምን እንደማይበላና እስከ ስንት ሰዓት እንደማይበላ ያስረዱት። እኔ ጽፌለት በጣም ነው ያመሰገነኝ።

ከመብል ይልቅ የሚያሳስበው ሰዓቱ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ለታጋይ ጥሩ ምግብ ናቸው። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ወዲያው ለሁለት ሰዓት መታገል ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ለንስሐ አባትዎ ነገሩን አስረድተው ያማክሩ። እስላም ከሆናችሁም ልጁ ሱሑር ሳይበላ እንዳያድር፣ አሰልጣኙም የዚያን ወር ልምምድ እንዲያቀልለት ይነጋገሩ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ጾም ኪሎ መቀነሻ እንዳይሆን። ልጁ ድንገት ከእርስዎ በላይ ጿሚ ከሆነ ጠጋ ብለው ይጠይቁት።

5. የመመዘኛው ቀን

በሁለት ቡድኖች ግጥሚያ ልጆቹ የሚመዘኑት ውድድሩ ሊጀመር ቢበዛ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው፤ በቶርናመንት ቢበዛ ሁለት ሰዓት። ማታ ተመዝኖ ሌሊቱን ሲበሉ ማደር የለም። ከሚዛኑ ጋር ቆዳም ይታያል። ጭርት፣ ሄርፒስ ወይም ሌላ የሚተላለፍ ቁስል ካለ ሐኪም በቅጹ ላይ ካልፈረመ ልጁ አይጋጠምም። ስለዚህ ከልምምድ መልስ ወዲያው ይታጠብ፣ ልብሱም በየቀኑ ይታጠብ። ጥፍሩን ይቁረጥ።

የቤታችሁን ሚዛን አትመኑ። አንድ ቅዳሜ ልጄ ቤት 131.6 መዝኖ በኩራት ወጣ። ጂም ሲደርስ 132.4። 138 ላይ ሌላ ልጅ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሚዛኑን ምንጣፍ ላይ አድርገን ነው ስንመዝን የከረምነው። በዚያ ላይ በዋዜማው ክርስትና ቤት ሄደን በደንብ ጨው ያለበት ጥብስ በልቷል፤ ጨው ውኃ ይይዛል። አሁን ሚዛናችን ጠንካራ ወለል ላይ ነው፣ ልጁም በየሳምንቱ በትምህርት ቤቱ ሚዛን ያስተያየዋል።

ከተመዘነ በኋላ እንዲበላ ሙዝና ዳቦ ይያዙለት። በእኛ ቡድን ዝነኛው ግን በሶ ነው። በማር በጥብጬ በጠርሙስ እወስድለታለሁ። ፈረንጆቹ ጓደኞቹ መጀመሪያ አሽትተው ሸሹ። አሁን ሁለት ጠርሙስ ነው የምይዘው።

6. ቡድኑ እንዴት እንደሚቆም

በአንድ ክብደት አንድ ልጅ ብቻ ነው የዋናው ቡድን፣ የቫርሲቲ፣ ቦታ የሚይዘው። ሁለት ልጆች ከፈለጉት ልምምድ ላይ ተጋጥመው ይለያሉ፤ የተሸነፈው ጄቪ በሚሉት በሁለተኛው ቡድን ይጋጠማል ወይም በሌላ ክፍል ይሞክራል። እዚህ ጋ ወላጅ አይገባም። ምንጣፉ ይፈርዳል። ለዚህ ነው ስፖርቱን የምወደው።

የቡድን ነጥቡ እንዲህ ነው። ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ለሁለት ሰከንድ መሬት አስነክቶ የያዘ፣ ፒን ይባላል፣ ለቡድኑ 6 ነጥብ ያመጣል። በ15 ነጥብ ልዩነት የመራ 5፣ ከ8 እስከ 14 ያሸነፈ 4፣ ከዚያ በታች 3። ተጋጣሚ የሌለው ክፍልም 6 ነጥብ በነጻ ያሰጣል። አሁን የ106ቱ ልጅ ለምን እንደሚፈለግ ገባዎት? ቡድኑ ያ ልጅ ከሌለው ሳይጋጠም 6 ነጥብ አጣ ማለት ነው።

ምንጣፉ ላይ ደግሞ ቫርሲቲ ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ደቂቃ ነው። መጣል ከ2024-25 ጀምሮ 3 ነጥብ ሆኗል። ከሥር ማምለጥ 1፣ ከሥር ተገልብጦ ከላይ መሆን 2። ሌላውን እያዩ ይለምዱታል። ከመቀመጫው «ጣለው! ጣለው!» እያሉ መጮህ ይቻላል፤ ዳኛው አማርኛ አይችልም።

7. ዕውቅናው

ብዙ ወላጅ ሜዳሊያ ብቻ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ሌተር አለ። ትምህርት ቤቱ ለዋናው ቡድን የሚሰጠው የጨርቅ ፊደል ነው፤ ጃኬት ላይ ይሰፋል። መስፈርቱን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱ ስለሚያወጣ ወቅቱ ሲጀመር ይጠይቁ።

የቶርናመንት ድልድል በልጁ የወቅቱ ውጤት ይወሰናል። አንድ ድል ሳይመዘገብ ከቀረ ልጁ በመጀመሪያው ዙር ከጠንካራው ጋር ሊገናኝ ይችላል። ውጤቶቹን በደብተር ይያዙና የጎደለ ካለ ለአሰልጣኙ በትህትና ይንገሩ። ደግሞም አንዴ ተሸነፈ ብለው ኮት አይልበሱ። በአብዛኛው ቶርናመንት አንድ ጊዜ የተሸነፈ በሌላው መስመር ዞሮ ሦስተኛ ሊወጣ ይችላል።

ለመጨረሻ ዓመት ተማሪ ደግሞ ኦክላሆማ፣ ስቲልዋተር ያለው ብሔራዊ የሬስሊንግ የዝና አዳራሽ ሁለት ሽልማት አለው። የወንዶቹ በ1984 የኦሎምፒክ ወርቅ ባገኘውና በ1996 በተገደለው በዴቭ ሹልትስ ስም ነው። የሴቶቹ በ1992 የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት የዓለም ሻምፒዮን በሆነችው በትሪሻ ሳንደርስ ስም ነው። ሁለቱም ከውጤት ሌላ ትምህርትና የማኅበረሰብ አገልግሎት ያያሉ። ልጃችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ትንንሾችን ካስተማረ ሰዓቱን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ይመዝግብ። ኋላ ማስታወስ አይቻልም። የሴት ልጅ ወላጆችም ልብ በሉ፦ የሴቶች ሬስሊንግ ከ2026 ጀምሮ የኤንሲዲብልኤ፣ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ሻምፒዮና አለው።

ከዚህም በላይ የሚመኝ ልጅ በበጋ በኦሎምፒክ የሚታዩትን ሁለት የትግል ዓይነቶች፣ ነጻ ትግልና ግሪኮ ሮማን፣ ይሞክራል። ጁላይ ላይ ኖርዝ ዳኮታ፣ ፋርጎ ውስጥ ትልቁ የታዳጊዎች ብሔራዊ ውድድር አለ። ሽልማቱ እንደ መንገድ የቁም ምልክት ስምንት ጎን ያለው ሰሌዳ ነው። የእኔው ልጅ ከግድግዳው ላይ ቦታ ለቆለታል፤ እስካሁን ባዶ ነው።

እና ወቅቱ ሲያልቅ ሲንግሌቱን አጥበው ይመልሱ። እኛ ሦስት ወር ረስተነው ክፍያ መጥቶብን ነበር። ሳሎን ሶፋ ሥር ነው የተገኘው።