አባይን ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትሻገሩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ተወልጄ ያደግኩት ማርቆስ ነው፤ እንጀራዬ አዲስ አበባ። ስለዚህ መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ጓደኛ ይደውልልኛል። «ባሕር ዳር ልንሄድ ነው፣ አምስት ነን፣ መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ ምን ትመክረናለህ?» እመክራለሁ። አይሰሙኝም። ሲመለሱ ያንኑ ታሪክ ያወሩልኛል። ዘንድሮ ጽፌው ልገላገል።

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። የሚጠየቀው ደግሞ ፌስቡክ ሳይሆን ትናንት በዚያ የመጣ ሹፌር ነው።

«12 ሰዓት ላይ እንነሳለን» ትላላችሁ። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ቻርጀር ረስቶ ይመለሳል፣ ሱሉልታ ላይ 3 ሰዓት ይሆናል። በማርቆስ በኩል ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ ከብቱ አለ፣ ጋሪው አለ፣ ባጃጁ አለ። የጨለመባችሁ ቦታ እደሩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የአባይ በረሃ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት። ከላይ ጃኬት ለብሳችሁ ትጀምራላችሁ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ላብ በላብ ናችሁ። ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው አለ! ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ የሚለቃትም አለ። ወንድሜ፣ የቆጠብከው ነዳጅ የአንድ ቡና ዋጋ አይሆንም። «የእኔ እኮ አውቶማቲክ ነው» አትበሉኝ። ማርሹ ላይ «ኤል» ወይም «ቢ» የሚል ፊደል ካለ ለጌጥ አይደለም የተቀመጠው፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዛት ነው።

እንዲህ የምቆጣው እኔም ስላደረግኩት ነው። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በዓመቱ የአጎቴን ዲኤክስ ይዘን ወረድን። መሃል ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ «ጫማህን አውልቀሃል» ብለን ከሰስነው። ማለ፣ ተገዘተ። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ገባልኝ። እንደ ምንም ዳር ይዤ ስቆም ከፊት ጎማው ጭስ ይወጣል። አንዱ ሃይላንዱን ከፍቶ ሊያፈስበት ሲል፣ ከኋላችን የቆመ የከባድ መኪና ሹፌር «ተው! ይሰነጠቃል!» ብሎ ጮኸ። ወርዶ አየን። አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። «በምትወጣበት ማርሽ ነው የምትወርደው፣ ልጄ» አለኝና ሄደ። ፍሬኑ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ጫማውን ያላወለቀው ልጅ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

መዋጮ መኪና ውስጥ ሳትገቡ ይሰብሰብ፣ አንድ ሰው ይያዘው። «በኋላ እንተሳሰባለን» የተባባሉ ሁለት ጓደኞቼ አሁንም አይነጋገሩም።

ረቡዕና ዓርብ መንገድ ላይ ጥብስ አትፈልጉ።

ጢስ አባይን ሚያዝያ ላይ ሄዳችሁ «ፏፏቴው የታለ?» አትበሉ። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ይዞራል፣ በበጋ ደግሞ ወንዙ ራሱ ይቀንሳል። ክረምቱ እንደወጣ ሂዱ።

ባሕር ዳር ባሕር ዳር እያላችሁ የመሃሉን አገር በመስኮት አትለፉት። እንጅባራ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ አለ፤ ከአስፋልቱ ብዙም አያስኬድም። ጥር 23 አካባቢ ከሆነ የአገው ፈረሰኞችን ሳታዩ እንጅባራን አለፍን ብትሉ እኔ ጋ አትደውሉ።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ከመካከላችሁ የጎጃም ልጅ ካለ ነው። «እናቴን ለአሥር ደቂቃ ሰላም ብለን እንውጣ» ይላችኋል። አሥር ደቂቃ የሚባል የለም። እኛ ደምበጫ ላይ በ8 ሰዓት ገባን። እናቱ ወንበር ላይ ሳንቀመጥ ጠላ ቀዱ። አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ «ማዘር፣ እኛ እኮ መንገደኞች ነን» አለ። «መንገዱ የት ይሄድባችኋል? እዚሁ ነው!» አሉት። ከጓሮ የበግ ድምፅ ሰማን፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። በቃ፣ አደርን።

አናስቸግር ብላችሁ ደግሞ ሳትገቡ አትለፉ። በደጃቸው ማለፋችሁን ይሰማሉ፣ ልጃቸውም ዓመት ሙሉ ይወቀሳል። ይልቅ ስታቅዱ አንድ ሌሊት ጨምሩ፣ የዕቃ መጫኛውንም ጠቅጥቃችሁ አትሙሉት። እኛ ሞልተነው ነበር። ጠዋት እናቱ ማሩን በጀሪካን፣ በሶውን በፌስታል አመጡ። ቀጥለው እግሯ የታሰረ ዶሮ በመስኮት አቀበሉን። «በሞቴ፣ እንዳትመልሱብኝ» አሉ። ማን ይመልሳል? ጫማ አወለቅክ የተባለው ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ባሕር ዳር አደረሳት። ሆቴሉ ግን ዶሮ አያስገባም።