ሰው ሠራሽ ማጣፈጫና የምግብ ቀለም ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከኮዬ ፈጬ እስከ ሱሉልታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚገኙ ሱቆች በዱቄት ጭማቂ፣ በባለቀለም ከረሜላና በላስቲክ በታሰረ በረዶ ተሞልተዋል። ከፊሉ ሰው ሁሉም መርዝ ነው ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ ከተሸጠ ምን ችግር አለው ይላል። ሁለቱም አነጋገር ልጆቻችንን አይጠብቅም።

ጽሑፍ የሌለበትን መግዛት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ባለሱቁ ከትልቅ ከረጢት በማንኪያ እየዛቀ በትንሽ ላስቲክ የሚቋጥረው የኬክ ቀለም ማን እንደሠራው፣ ለምግብ ይሁን ለጨርቅ እንደተዘጋጀ በምን ይታወቃል? በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከገበያ የተሰበሰቡት ሱዳን 1 የተባለ የኢንዱስትሪ ቀለም በበርበሬ ዱቄት ውስጥ ተገኝቶ ነው።

ማጣፈጫውም ያው ነው። ሳካሪን የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ከስኳር 300 እጥፍ ያህል ይጣፍጣል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ በአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 100 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ግን ብዙ ሺህ ሚሊ ግራም ይይዛል። በጓሮው ጭማቂ በበርሜል የሚበጠብጥ ሰው ትክክለኛ ሚዛን ከሌለው ምን ያህል እንደጨመረ ራሱም አያውቅም።

«ኢ» የሚል ቁጥር ባዩ ቁጥር መደንገጥ

«ኢ» ያለበት ቁጥር ምግብ ውስጥ ለሚጨመሩ ንጥረ ነገሮች የሚሰጥ መለያ ነው። ኢ300 ቫይታሚን ሲ ነው። ኢ330 ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ነው። ቁጥሩ ንጥረ ነገሩ ተመርምሮ መመዝገቡን ያሳያል። የሚያስፈራው ቁጥርም ስምም የሌለው እሽግ ነው።

«ካንሰር ያመጣል» የሚለውን ወሬ በጥሬው መውሰድ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርታም የተባለውን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ምድብ 2ቢ ውስጥ አስገባው። ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው፤ ስንት ቢጠጣ እንደሚጎዳ አይናገርም። መጠኑን የሚወስነው ከላይ የጠቀስኩት ኮሚቴ በዚያው ወቅት የቀድሞውን ጣሪያ፣ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ አጽንቶታል። አንድ ጣሳ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም አስፓርታም ቢይዝ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጣሪያውን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ በላይ መጠጣት አለበት።

የአዋቂውን ስሌት ለልጅ መጠቀም

ብዙ ወላጆች ከላይ ያለውን ሰምተው ይረጋጋሉ። የ20 ኪሎ ልጅ ጣሪያ ግን 800 ሚሊ ግራም ነው፤ ሦስተኛው ጣሳ ላይ ሊያልፈው ይችላል። ጣሪያው ዕድሜ ልክ በየቀኑ ቢወሰድ ተብሎ የተሰላ ስለሆነ አንድ ቀን ማለፍ መመረዝ አይደለም፤ የሚያሳስበው የየቀኑ ልማድ ነው። ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለ በዘር የሚወረስ ሕመም ያለበት ልጅ ግን አስፓርታምን ጨርሶ መራቅ አለበት።

«ስኳር የለውም» ሲባል ያከሳል ብሎ ማመን

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2015 ዓ.ም. ክብደት ለመቆጣጠር ሲባል እነዚህን ማጣፈጫዎች መጠቀም እንደማይመከር አስታውቋል። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም፤ እነርሱ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ተጠራጥሮ እሽጉን መጣል

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምግብን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ በነፃ መስመር 8482 ይደውሉ ወይም ለአካባቢዎ ጤና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። እስከዚያ ባዶውን እሽግና የተረፈውን ዱቄት ያስቀምጡ። የአምራቹ ስምና የባች ቁጥሩ (በአንድ ዙር የተመረተው የሚለይበት ቁጥር) ከጠፋ ተቆጣጣሪው የት ሄዶ ናሙና ይውሰድ?