ስለ ነዳጅ ኩባንያዎች ግብር ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ የቤንዚን ሰልፍ ሲረዝም ወሬው ቶሎ ወደ ኦጋዴን ይሻገራል። «ጋዙን የሚያወጣው ኩባንያ ለመንግሥት ስንት ይከፍላል?» ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ላይ ግን ደጋግመን እንስታለን።

አንዱ ስህተት የማደያውን ግብር ከጉድጓዱ ግብር ጋር ማደባለቅ ነው። ባጃጅ ነጂው ቤንዚን ሲቀዳ የሚከፍለው ግብር በተጠቃሚው ላይ የወደቀ ነው። ከመሬት የሚያወጣው ኩባንያ የሚከፍለው ሌላ ነው። ደግሞም እዚህ የምንቀዳው ቤንዚን ከውጭ የሚገባ ነው፤ በኦጋዴን ያለው የካሉብ መስክ ሀብት ግን የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ሌላው ፐርሰንቱን ብቻ ይዞ መሟገት ነው። «ኖርዌይ ከነዳጅ ኩባንያ ትርፍ 78 በመቶ ትወስዳለች፤ እኛስ?» ይባላል። ቁጥሩ ልክ ነው። ነገር ግን ኖርዌይ ኩባንያው ያፈሰሰውን ገንዘብ ከልዩ የነዳጅ ግብሩ ላይ ወዲያው ትቀንስለታለች። ከከሰረም የኪሳራውን የግብር ድርሻ በገንዘብ ትመልስለታለች። ትርፉን ብቻ ሳይሆን ኪሳራውንም ትጋራለች ማለት ነው። ለዚህ ደንዳና ካዝና ያስፈልጋል።

ሮያሊቲና የትርፍ ግብርም አንድ አይደሉም። ሮያሊቲ ኩባንያው አተረፈም ከሰረም ከወጣው ምርት ላይ ይቆረጣል። ቶሎ ይገባል፤ ለቁጥጥርም ይቀላል። ከበዛ ግን ትርፉ ጠባብ የሆነ መስክ ሳይነካ ይቀራል። የትርፍ ግብር ወጪው እስኪነሳ ድረስ ዓመታት ሊዘገይ ይችላል። ብዙ አገሮች ሁለቱንም አጣምረው የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ወጪውን አለመመርመር ነው። በምርት መጋራት ውል መጀመሪያ የኩባንያው ወጪ ይነሳል፤ የተረፈውን ከመንግሥት ጋር ይካፈላሉ። ጎጃም ውስጥ መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ ሰው ይህ አይጠፋውም። ዘርና ማዳበሪያው ተነስቶ የሚካፈሉ ከሆነ፣ ስንት እንደተዘራ ያላየ ባለመሬት አውድማ ላይ ቢከራከር ምን ያመጣል? ኩባንያው ማሽን ከእህት ኩባንያው በውድ ሊከራይ ይችላል። ከእናት ኩባንያው ይበደርና ወለዱን ወጪ ይለዋል። ጋዙን ለራሱ ዘመድ በርካሽ ይሸጣል። የአንዱን መስክ ኪሳራ በሌላው ትርፍ ላይ ያወራርዳል። ወረቀቱ ሁሉ የተስተካከለ ነው። ይህን የሚፈታ ኦዲተር ከሌለ 30 በመቶም ሆነ 70 በመቶ ብንል የሚደርሰን ከምንም ላይ ተሰልቶ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የሕግ ተማሪዎች ወደዚህ ሙያ ቢገቡ ከልቤ ደስ ይለኛል። አገሪቱ በጣም ትፈልጋቸዋለች።

የድርሻ ሽያጭንም እንረሳለን። እንደ ጣና የዓባይ ውሃ በሆነው በአልበርት ሐይቅ ዳር ሄሪቴጅ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የነዳጅ ድርሻውን ተሎው ለተባለ ሌላ ኩባንያ በ1.45 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። ኡጋንዳ ከሽያጩ ትርፍ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ግብር ጠየቀች። ኩባንያው አልከፍልም አለ። ጉዳዩ ለንደን ድረስ ሄዶ ኡጋንዳ ረታች። ሕጉ ላይ የሽያጭ ትርፍ ግብር በግልጽ ካልተጻፈ ግን ኩባንያው ሸጦ ሲወጣ ቆሞ ማየት ነው።

«የሶማሌ ክልል ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚልም አይጠፋም። ጋዙ የሚወጣበት አካባቢ ሰው ቅድሚያ ሊያገኝ ይገባል፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 የነዳጅና የጋዝ ሥራ ግብርና ሮያሊቲን የፌዴራልና የክልሎች የጋራ ያደርገዋል። የጋራ ገቢውን ክፍፍል የሚወስነው ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የኛም ተወካዮች እዚያ ተቀምጠዋል። ውሉ ለሕዝብ ይፋ ሆኗል ወይ? ወጪውን ማን መረመረው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ልንጠይቃቸው እንችላለን።