የቡልጋሪያን ነገሥታት ሳይምታቱ ለመያዝ

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ለመሸምደድ አትሞክሩ፣ ይምታታባችኋል። መጀመሪያ ዘመኑን ለሦስት ክፈሉት፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ከ681 እስከ 1018፣ ከ1185 እስከ 1396፣ ከ1878 እስከ 1946። በመሃል ያሉት ክፍተቶች የባይዛንታይንና የኦቶማን ናቸው።

ከዚያ ከየዘመኑ አንድ ታሪክ ያዙ። ከመጀመሪያው ቀዳማዊ ቦሪስን የሚያህል የለም፦ ሕዝቡን ክርስቲያን አድርጎ በ889 መነኮሰ፣ ልጁ ቭላድሚር አገሩን ወደ ጣዖት ሊመልስ ሲሞክር ግን ከገዳም ወጥቶ ዓይኑን አሳወረውና ታናሹን ስምዖንን አነገሠ። ጉድ እኮ ነው! ከሁለተኛው፣ በ1230 ክሎኮትኒጻ ላይ ድል ያደረገው ዳግማዊ ኢቫን አሴን ይበቃል።

በሦስተኛው ማዕረጉን ልብ በሉ። ፈርዲናንድ እስከ 1908 ልዑል ነው፣ ከዚያ ወዲህ ዛር (ማለትም ንጉሥ)። የመጨረሻው ዳግማዊ ስምዖን በ6 ዓመቱ ነገሠ፣ በ9 ዓመቱ ተሰደደ፣ በ2001 ደግሞ ምርጫ አሸንፎ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።